የተሸካሚው ጀርባና የተማሪው ደብተር

መርካቶ ወርዶ በዱባይ ተራ ጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው ስለ ሸቀጡ ብዛትና ስለ ገበያተኛው ግፊያ ብዙ የሚያወራው አያጣም። ስሙ ራሱ እንደሚናገረው፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ የሚራገፍበት፣ የሚቆጠርበትና ወደየሱቁ የሚበተንበት ተራ ስለሆነ ዐይን የሚያርፍበት ሞልቷል። እኛ ግን በዛሬው እሑድ አንባቢዎቻችንን፣ ይልቁንም በትምህርት ገበታ ላይ ያሉትን ወጣቶችና ከትምህርት ቤት ወጥተው የመንግሥት ሥራ የጀመሩትን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን፣ ከሸቀጡ ይልቅ ሸቀጡን የሚያነሣውን፣ የሚገፋውንና የሚስበውን ሰው እንዲመለከቱልን እንለምናለን። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መጽሐፍ ስለ ኃይል፣ ስለ ሰበቃና ስለ ሚዛን የሚያስተምረው ሁሉ በዚህ ሰው እግርና ጀርባ ላይ በየቀኑ ይፈጸማልና።

አንድ ቀን በዚሁ ተራ ቆመን ሳለን፣ ለሥራው እንግዳ የሆነ አንድ ወጣት ከጭነት መኪና የወረደ ቦንዳ በሲሚንቶ ወለል ላይ ሲገፋ አየን። ከበስተኋላው ጎንበስ ብሎ ወደ ታች እየተጫነ ይገፋል፤ ላቡ ይንጠፈጠፋል፤ ቦንዳው ግን ስንዝር ያህል እንኳ አልተነቃነቀም። በሥራው ያረጁ አንድ ተሸካሚ ቀረብ ብለው፣ “አንተ ልጅ፣ ምነው እንዲህ ትለፋለህ? ገመድ አስገባና ወደ ላይ ሳብ እያደረግህ ጎትተው እንጂ፤ ስትገፋው እኮ አንተም ትጫንበታለህ” አሉት። ልጁም “እሺ ጋሼ” ብሎ እንደተነገረው ቢያደርግ ቦንዳው ተንቀሳቀሰ። ሽማግሌው ምናልባት የፊዚክስ መጽሐፍ ገልጠው አያውቁ ይሆናል። የተናገሩት ቃል ግን በሰሌዳ ላይ በጥቂት መስመር ስሌት የሚጻፍ እውነት ነው።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ቦንዳው 100 ኪሎ፣ ማለት አንድ ኩንታል ይመዝናል እንበል። ምድር እያንዳንዱን ኪሎ ግራም በ9.8 ኒውተን ኃይል ወደ ታች ስለምትስበው የቦንዳው ክብደት 980 ኒውተን ይሆናል። ወለሉም ይህንኑ ክብደት ተቋቁሞ በ980 ኒውተን ወደ ላይ ይደግፈዋል። ቦንዳው ሲንሸራተት በእርሱና በወለሉ መካከል ያለው የሰበቃ ምጣኔ 0.4 ነው ብንል፣ ሰበቃው 392 ኒውተን ነው። እንግዲህ አንዴ የተነቃነቀውን ቦንዳ አግድም ቀጥ አድርጎ ለሚስብ ሰው ይኸው 392 ኒውተን ይበቃዋል። ልጁ እንዳደረገው ግን ከአግድሙ በ30 ዲግሪ ወደ ታች አዘንብሎ የሚገፋ ሰው፣ ከጉልበቱ ከፊሉን ቦንዳውን ከወለሉ ጋር ለማጣበቅ ያባክነዋል። ወለሉ ድጋፉን ይጨምራል፤ ድጋፉ ሲጨምርም ሰበቃው አብሮ ይጨምራል። ስሌቱን እስከ መጨረሻው የሠራ ተማሪ፣ የሚገፋው ሰው 589 ኒውተን ያህል ማውጣት እንዳለበት ያገኛል። በገመድ በ30 ዲግሪ ወደ ላይ አዘንብሎ ለሚስበው ግን 368 ኒውተን ያህል ይበቃል። ልዩነቱ 221 ኒውተን ነው፤ ይህም ከ22 ኪሎ በላይ የሚመዝን ዕቃ አንሥቶ ከመያዝ ጋር ይተካከላል። “አንተም ትጫንበታለህ” ማለት ይህ ነው።

ብዙ ተማሪዎች የሚሰናከሉበት ሌላ ነገር አለ። ሰበቃ ማለት ምጣኔውን በድጋፉ አባዝቶ የሚገኝ አንድ የማይለወጥ ቁጥር ይመስላቸዋል። ዕቃው በቆመበት ጊዜ ነገሩ እንዲህ አይደለም። የቆመው ቦንዳ ምጣኔ 0.5 ቢሆን፣ 490 ኒውተን የሰበቃው የመጨረሻ ድንበር ነው እንጂ የዘወትር መጠኑ አይደለም። አንድ ሰው በ100 ኒውተን ቢገፋው ሰበቃው 100 ኒውተን ይመልሳል፤ በ300 ቢገፋው 300 ይመልሳል፤ ማንም ካልነካው ደግሞ ሰበቃው ባዶ ነው። እንደ አስተዋይ ዘበኛ በገፉት ልክ ብቻ ይከላከላል። ሰበቃ ሁልጊዜ 490 ቢሆን ኖሮ ማንም ያልነካው ቦንዳ በገዛ እጁ ወደ ኋላ ይሄድ ነበር፤ ይህን ደግሞ በዱባይ ተራም ሆነ በሌላ ስፍራ ያየ የለም። የገፊው ኃይል ከ490 ሲያልፍ ዘበኛው ይሸነፋል፤ ዕቃውም ከተነቃነቀ በኋላ ሰበቃው ወደ 392 ዝቅ ይላል። ተሸካሚዎች ከባድ ዕቃ ሲያስነሡ በአንድ ድምፅ “ሆ!” ብለው ጉልበታቸውን በአንድ ጊዜ የሚያዋሉት፣ ከተነሣ በኋላም ቀለል የሚላቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን ሕግ የአውሮፓ ሊቃውንትም የደረሱበት ከሥራ ቦታ ተነሥተው ነው። ፈረንሳዊው አሞንቶን እ.ኤ.አ. በ1699 ሰበቃ ከጭነቱ ጋር እኩል እንደሚያድግና በሚነካካው ገጽ ስፋት እንደማይወሰን አስረዳ። የአገሩ ሰው ኩሎም ደግሞ በቆመና በሚንሸራተት ዕቃ መካከል ያለውን ልዩነት በብዙ ሙከራ መረመረ፤ በዚሁ የሰበቃ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ1781 ከፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ሽልማት አገኘ። ስለዚህ ካርቶኑን በሰፊው ጎኑም ሆነ በጠባቡ ጎኑ አስተኝቶ ለሚገፋው ሰው የሚያስፈልገው ኃይል ያው ነው። በጠባቡ ያቆመው ሰው ዕቃው ከመንሸራተቱ በፊት እንዳይገለበጥበት መጠንቀቅ ብቻ አለበት።

ስለ ሚዛንም እንዲሁ የተሳሳተ ሐሳብ በብዙዎች ዘንድ አለ። በሚዛን ላይ ያለ ነገር ሁሉ የቆመ ነገር ይመስላቸዋል። የእጅ ጋሪውን በቀጥታ መንገድ ላይ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚገፋው ሰው ጋሪው እየሄደ ሳለ በሚዛን ላይ ነው፤ የሚገፋው ኃይልና የሚቃወመው ኃይል እኩል ናቸውና። “ከሄደ፣ ወደ ፊት የሚያስኬደው ኃይል መብለጥ አለበት” ማለት የጥንቱ የአሪስጣጣሊስ አስተሳሰብ ነው። ጋሊሌዮ ይህን አፈረሰው፤ ኒውተንም እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ሕግ አድርጎ አጸናው። የኃይል መብለጥ የሚያስፈልገው ለማስነሣት፣ ለማፍጠን፣ ለማቆምና አቅጣጫ ለማስለወጥ እንጂ በያዙት ፍጥነት ቀጥ ብሎ ለመሄድ አይደለም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ ደግሞ በየፈተናው ተማሪን ይጥላል። የቦንዳው ክብደትና የወለሉ ድጋፍ እኩልና ተቃራኒ ስለሆኑ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ጥንዶች ናቸውን? ብለው ቢጠይቁት ብዙው ተማሪ አዎን ይላል። አይደሉም። ሁለቱም በአንዱ በቦንዳው ላይ የሚሠሩ ኃይሎች ናቸው፤ እኩል የሆኑትም ቦንዳው ስለቆመ ነው። የሦስተኛው ሕግ ጥንዶች ግን ምን ጊዜም በሁለት የተለያዩ ነገሮች ላይ ይሠራሉ። ወለሉ ቦንዳውን ወደ ላይ ቢደግፍ፣ ቦንዳው ወለሉን ወደ ታች ይጫናል፤ ምድር ቦንዳውን ብትስብ፣ ቦንዳውም ምድርን ይስባል። “ማን ማንን?” ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ በዚህ አይሳሳትም።

ሰበቃ የሰው ልጅ ጠላት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ደግሞ በክረምት ወደ መርካቶ ይውረድ። ሰው የሚራመደው መሬቱን በእግሩ ወደ ኋላ ሲገፋ መሬቱ በሰበቃ ወደ ፊት ስለሚገፋው ነው። ዝናብና ጭቃ ይህን ሰበቃ ሲቀንሱበት፣ ባዶ እጁን የሚሄደው ሰው እንኳ ሲንገዳገድ ሸክም ያለበት ምን ሊሆን ነው? መኪናም እንዲሁ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ጎማው ሳይሽከረከር ቢቆም፣ ምጣኔው 0.7 በሆነ ደረቅ መንገድ ላይ 14 ሜትር ያህል ተንሸራትቶ ይቆማል። ዝናብ ምጣኔውን ወደ 0.4 ቢያወርደው ግን ከ24 ሜትር በላይ ይሄዳል። በዚህ መካከል ያለው 10 ሜትር በዱባይ ተራ ስንት ሰው የሚቆምበት ስፍራ እንደሆነ አንባቢው ራሱ ይገምት። ሰበቃ ባይኖር የተቋጠረ ገመድ በቋጠሮው አይጸናም፤ የተመታ ምስማር በእንጨቱ ውስጥ አይቆይም፤ በየሱቁ የተደረደረውም ካርቶን በቦታው አይገኝም ነበር።

አሁን ዋናው ወደምንለው ነገር እንምጣ። ሸክም የያዘ ሰው ለምን ወደ ፊት ያዘነብላል? ጭነቱ በጀርባው ሲሆን የእርሱና የጭነቱ የጋራ የክብደት ማዕከል ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚህ ማዕከል ወደ ታች የሚወርደው መስመር ከእግሮቹ መቆሚያ ውጭ ከዋለ ወደ ኋላ ይወድቃል። ስለዚህ ማዕከሉን ወደ እግሮቹ ለመመለስ ያጎነብሳል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ወገብ የታጠፈበት ምክንያትም ይኸው ነው። ሰውነቱ ሚዛኑን ያገኛል፤ የሚዛኑን ዋጋ ግን የሚከፍለው የወገብ አጥንት ነው። ጭነት ከአካል በራቀ ቁጥር ወገብን የሚጠመዝዘው ኃይል ያድጋል። 20 ኪሎ የሚመዝን ካርቶን ከአከርካሪው 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቢያዝ ወገቡን የሚያጥፈው መጠን 39 ኒውተን ሜትር ነው። ያንኑ ካርቶን እጁን ዘርግቶ በ50 ሳንቲ ሜትር የያዘ ሰው ግን 98 ኒውተን ሜትር ይቋቋማል። ካርቶኑ አልተለወጠም፤ የወገቡ ሥቃይ ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኗል።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ቁጥር 128 የውሳኔ ሐሳብ፣ አንድ አዋቂ ወንድ በጉልበቱ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ፣ የሴቶችና የወጣቶች ሸክምም ከዚህ እጅግ ያነሰ እንዲሆን መክሯል። በአገራችን ግን አንድ ኩንታል እህል በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ሲጫን ማየት የተለመደ ነገር ነው። ኩንታል 100 ኪሎ መሆኑን የማያውቅ ተማሪ የለም። ይህ ቁጥር ከ55 ጋር ሲተያይ ሁለት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው መሆኑን ግን ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን?

አባቶቻችን ይህን ጉዳይ በእጃቸው ያውቁት እንደነበር ታሪክ ይመሰክራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ፈጅቷል። ክብደቱ 68,600 ኒውተን ስለሚሆን፣ በየ10 ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል ብቻ 6,860 ኒውተን ነው። አንድ ሰው 200 ኒውተን ሳያቋርጥ ይስባል ብንል፣ መንኰራኵሩ ምንም ሰበቃ ባይኖረው እንኳ ለዳገቱ ብቻ 35 ሰው ያስፈልጋል፤ የጭቃውና የድንጋዩ ተቃውሞ ሲጨመርበት በመቶ የሚቆጠር ሰው መሰለፉ አያስደንቅም። ንጉሠ ነገሥቱም በጉልበት ብቻ አልተማመኑም፤ አስቀድመው መንገድ አስጠረጉ፣ ገደሉን አስቆረጡ፣ ድንጋይ በማንሣትም ራሳቸው ሠሩ። ዳገትን ማለዘብ ኃይልን መቀነስ መሆኑን ያውቁ ነበር ማለት ነው።

አክሱምም የሚያስተምረን አለ። ተጋድሞ የሚታየው ታላቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት ያለው ሲሆን፣ ብዙ ሊቃውንት ሲያቆሙት ሳለ የወደቀ ነው ይላሉ። ቁመቱ የረዘመና መቆሚያው የጠበበ ነገር ጥቂት ቢያዘነብል የክብደቱ መስመር ከመሠረቱ ይወጣል። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ተወስዶ የነበረው የ24 ሜትሩ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. በሦስት ክፍል ሆኖ ሲመለስና በ2000 ዓ.ም. በቦታው ሲቆም፣ መሐንዲሶቹ የተጠበቡበት ጥያቄ በዱባይ ተራ ካርቶን ከሚደረድረው ልጅ ጥያቄ ጋር በዓይነቱ አንድ ነው። ልዩነቱ በመጠኑና በሚያስከትለው ጉዳት ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ በዐይናችን ፊት እያለ ተማሪው ለምን ይርቀዋል? በጥር ወር 2015 ዓ.ም. በተነገረው የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት፣ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የሚረሳ አይደለም። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይሰጣል፤ እኛም ሁሉን በአንድ ጽሑፍ እንፈታለን አንልም። አንዱ ምክንያት ግን ግልጽ ነው። ተማሪያችን ፊዚክስን የሚማረው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ቃሉን በቃሉ ይዞ ነገሩን ሳያየው ያልፋል። ሰበቃ፣ ሸክም፣ ሚዛን፣ ዳገት፣ ቁልቁለት የሚሉት ቃላት ግን ከእናቱ ቤት ይዟቸው የመጡ ናቸው። አስተማሪው በእነዚህ ቢጀምርለትና ከዚያ ወደ መጽሐፉ ቋንቋ ቢያሻግረው ትምህርቱ ሥር ይሰዳል ብለን እናምናለን።

የመሣሪያ እጥረትም ሰበብ አይሁነን። የሰበቃን ምጣኔ ለመለካት አንድ ሳንቃ፣ አንድ መጽሐፍና አንድ ማስመሪያ ይበቃል። መጽሐፉን በሳንቃው ላይ አስቀምጦ የሳንቃውን አንድ ጫፍ ቀስ እያሉ ማንሣት፤ መጽሐፉ መንሸራተት ሲጀምር ማቆምና የተነሣውን ጫፍ ከፍታ፣ በወለሉ ላይ ለተለካው ርቀት ማካፈል ነው። ከፍታው 40፣ ርቀቱ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ምጣኔው 0.5 ነው። መጽሐፉ ከባድ ይሁን ቀላል ውጤቱ ያው ሲሆን ተማሪው በዐይኑ ያየዋል፤ በዐይኑ ያየውንም በፈተና ቀን አይረሳውም።

ለወጣቱ ሹምና ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የምንለው ደግሞ ከዚህ ይለያል። እርሱ ፈተናውን አልፏል፤ የቀረው ያለፈበትን ዕውቀት በሥራ ማዋል ነው። በአንድ ሜትር ከ20 ከፍታ ላይ ካለ የመኪና ወለል አንድ ኩንታል ቀጥ አድርጎ ለማንሣት ወይም ለማውረድ 980 ኒውተን መቋቋም ያሻል። አራት ሜትር ርዝመት ባለው ሳንቃ ላይ በመንኰራኵር ቢሄድ ግን ዳገቱ የሚጠይቀው 294 ኒውተንና ለመንኰራኵሩ ሰበቃ የሚሆን ጥቂት ጭማሪ ነው። ኃይሉ ሲቀንስ ርቀቱ እንደሚጨምር የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የሰው ጀርባ የሚሰበረው በኃይሉ ብዛት እንጂ በመንገዱ ርዝመት አይደለም። የእግረኛ መንገድ የሚያነጥፍ መሐንዲስ ሲደርቅ የሚያምረውን ብቻ ሳይሆን ሲረጥብ የማያንሸራትተውን ድንጋይ ይምረጥ። የገበያ አዳራሽ ፕላን የሚያጸድቅ ሹም ከደረጃው አጠገብ ጋሪ የሚወጣበት ለስላሳ ዳገት መኖሩን ይጠይቅ። የዕቃ ማሸጊያን ደንብ የሚያረቅ ሰው ደግሞ ከረጢቱን የሚያነሣው ማን እንደሆነ ያስብ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ትክክለኛ ተቃውሞ አለ። ተሸካሚው የሚከፈለው በጫነው ልክ ስለሆነ፣ ሸክሙ ቢቀነስበት ገቢው አይቀንስበትምን? ይህን ጥያቄ ችላ ብሎ ደንብ የሚያወጣ ሰው ድኻውን በመርዳት ስም እንጀራውን ይነጥቀዋል። ስለዚህ ከክልከላው በፊት መንኰራኵሩና ሳንቃው ይቅደሙ እንላለን። በጋሪ የሚሠራ ሰው በጀርባው ከሚችለው በላይ ጭኖ ከጀርባው ባነሰ ድካም ያደርሳል፤ ገቢውም ዕድሜውም ይረዝማል። የሱቁ ባለቤትም ዕቃው ሳይወድቅና ሳይሰበር ስለሚደርስለት የሚያተርፍ እንጂ የሚከስር አይደለም።

የተማረ ሰው ዕውቀቱ የሚለካው በወረቀት ላይ ባገኘው ማዕረግ ብቻ አይደለም። ከጎኑ የሚያልፈውን የሰው ድካም አይቶ “ይህ ኃይል እንዴት ይቀንስ?” ብሎ መጠየቁም የዕውቀቱ መለኪያ ነው። ሽማግሌው ተሸካሚ ለማያውቁት ልጅ የሚያውቁትን ሳይነፍጉ በአንድ ቃል ሰጥተውታል። ከእርሳቸው ይልቅ ብዙ ዓመት በትምህርት ቤት የቆየነው እኛም ለእርሳቸው የምንሰጠው እናጣ ዘንድ አይገባም። በሚቀጥለው ጊዜ በዱባይ ተራ ስታልፉ መንገድ ለቅቃችሁ ሸክሙን አሳልፉ፤ ወደ ቤታችሁም ስትመለሱ ደብተራችሁን ገልጣችሁ በዚያ ጀርባ ላይ ያረፉትን ኃይሎች አንድ በአንድ ሣሉአቸው። ሥዕሉ ሲያልቅ ከሥራችሁ የትኛው ክፍል እነዚያን ኃይሎች ሊቀንስ እንደሚችል ታገኙታላችሁ።